የእትዬ ሮዛን ወረቀት ላሚኔት ያደረግሁ ጊዜ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሜልተን

ካውያውን ከሶኬት የነቀለው ባለቤቴ ግርማ ነው።

«ትርሲት፣ በሞቴ ተይው» አለኝ። «አንዴ አበላሽተሻል። ደግመሽ ከነካካሽው ምንም አይተርፍም።»

እውነቱን ነው። ካውያውን ያሞቅሁት አንድ ወረቀት ከላስቲክ ውስጥ ላወጣ ነበር። ላስቲኩ ውስጥ የከተትኩትም እኔው ነኝ። የሌላ ሰው ወረቀት ቢሆን እንዲህ ባልሆንኩ። ይህ ግን የእትዬ ሮዛ ነው። እናታቸው በእጃቸው ከጻፉት ነገር በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

መንገድ ከመጀመሬ በፊት ነገሩን ላስረዳ። እኔ የቤት ለቤት ተንከባካቢ፣ እዚህ አውስትራሊያ እንደምንለው ኬረር ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኮልፊልድ የሚኖሩ አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ጋ ሺፍት አለኝ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ስማቸው ሮዛ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እትዬ ሮዛ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሲረዱ ወደዱት። አሁን ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «እትዬ ሮዛ ነኝ» ይላሉ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ግን እኔ በሆዴ እንደምሰማቸው ነው።

ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ አይሁዶችን እያደኑ ሲገድሉ እትዬ ሮዛ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው አንዲት የገጠር ሴት ጋ ደብቀዋቸው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። የተረፈው ለዚያች ሴት የጻፉላት አንድ ወረቀት ነው። ምን እንደሚል እትዬ ሮዛ ነግረውኝ አያውቁም፣ እኔም ፖላንድኛ አላነብም። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ዘርግተው በጣታቸው ሲደባብሱት ግን አያቸዋለሁ። ልጅ የላቸውም። «እኔ ስሞት ይኼ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል» እያሉ ሲፈሩ ከረሙና፣ በመጨረሻ የዚያን ዘመን ሰነድና ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ቤተ መዛግብት ዕቃቸውን ሊረከብ ተስማማ። ቀጠሮው ዛሬ ነው። ይዣቸው የምሄደውም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ያለፈው ሐሙስ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ አየሁት። «እትዬ ሮዛ፣ ለእኔ ይስጡኝ፤ አጠነክረዋለሁ፤ ሥራዬ ነው» አልኳቸው። አምነው ሰጡኝ። እውነትም ሥራዬ ነበር። አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የስንቱን ዲፕሎማ፣ የስንቱን የጋብቻ ወረቀት ላሚኔት አድርጌያለሁ! እኛ አገር የሚወደድ ወረቀት ላሚኔት ይደረጋል፣ አለቀ። እዚህም ማሽን ገዝቼ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ባጅ የምሠራው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት የእትዬ ሮዛን ወረቀት አስገባሁት። እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ወጣ። ለሰባት ዓመቷ ልጄ ለሊያ ሳሳያት «ሶ ሻይኒ፣ ማሚ!» አለችኝ። እኔም ኮራሁ፣ ምን ይደረግ!

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መዛግብቱ መመሪያ በኢሜይል መጣ። በቴፕ አትለጥፉ ይላል፣ ሙጫ አትቀቡ ይላል፣ ከሁሉም በላይ ላሚኔት አታድርጉ፣ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ አይመለስም ይላል። ክው ብዬ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ወደ ከተማ

የሜልተን ጣቢያ እንደ ወትሮው ሰው ሞልቶታል። የባቡር ካርዴን፣ ማይኪዬን አስነክቼ ገባሁና መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የቡና ኩባያ ይዟል፤ ባቡሩ በተወዛወዘ ቁጥር ዓይኔ ከኩባያው አይነቀልም። የደረቀው ሜዳ፣ አዲሶቹ ግራጫ ጣሪያዎች፣ ቀጥሎ ሰንሻይን አካባቢ የተደረደሩት ኮንቴይነሮች አለፉ። ሌላ ቀን ይህን መንገድ ተኝቼ ነው የማልፈው።

የሚያስፈራኝ ሥራውን ማወቄ ነበር። አራት ኪሎ ላሚኔት የተደረገ ማስረጃ አንቀበልም እየተባሉ ደንበኞች ይመለሱብን ነበር፤ ያን ጊዜ በካውያ አሙቀን እንከፍትላቸዋለን። የተሳካልኝ ብዙ ነው። የአንድ አስተማሪ ዲፕሎማ ግን ስሙ ከላስቲኩ ጋር ተነሥቶ ቀረ። ሰውየው ባዶውን ቦታ እያየ ቆመ። ያ ፊት ከሰንሻይን እስከ ሰዘርን ክሮስ ጣቢያ ከዓይኔ አልጠፋም።

ባቡር የምቀይረው ሰዘርን ክሮስ ላይ ነው፤ በአምስት ዶላር ተኩል ፍላት ዋይት የሚሉትን ቡና በወተት ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ጎንጬ፣ ቦርሳዬ ላይ ይፈስሳል ብዬ ፈርቼ ጣልኩት። ከዚያ በፍራንክስተን ባቡር ወደ ኮልፊልድ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለአለቃዬ ልደውል ስልኬን አንሥቼ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ከተትኩት። ሥራዬን ባጣስ? የቤቱ ዕዳ፣ ሞርጌጁስ? ደግሞ ወዲያው አፈርኩ። የሰው እናት ወረቀት አበላሽቼ የማስበው ስለ ሞርጌጅ!

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ኮልፊልድ

እትዬ ሮዛ ለባብሰው፣ ሰማያዊ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው፣ ከበሩ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እግራቸው ሥር ትንሽ ሻንጣ አለች። ውስጧ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ወደ አውስትራሊያ የመጡበት የመርከብ ትኬትና የደበቀቻቸው ሴት ወተት ታጠጣበት የነበረ ጠርዙ የጎበጠ የአሉሚኒየም ኩባያ አሉ።

«ወረቀቴስ?» አሉኝ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እትዬ ሮዛ።»

«ስጪኛ፤ እስክንደርስ እኔ ልያዘው።»

እጃቸውን ዘረጉ። «በፖስታ አሽጌዋለሁ፤ መንገድ ላይ አይነካ ብለዋል» አልኳቸው። ማንም እንዲህ አላለም። በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ዓይናቸው ለማያይ ሴት ፊት ለፊት ቆሜ ስዋሽ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የተዘረጋው እጃቸው ትንሽ አየር ላይ ቆይቶ ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ።

ታክሲው ውስጥ

የታክሲው ሾፌር «እትዬ፣ ቀስ ብለው ይግቡ» ስል ሰምቶ ዞረ። ሽበታም፣ ደልደል ያለ ሰው ነው።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አለኝ በአማርኛ። ከድር እባላለሁ አለ። የጅማ ሰው ነው፣ ኦሮሞ፤ አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ዳንደኖንግ ይኖራል። አዛውንት ስለሆኑ ወዲያው ጋሼ ከድር አልኳቸው። ፊትሽ ምን ሆኗል ሲሉኝ አልቻልኩም። እትዬ ሮዛ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው፣ ሁሉንም በአማርኛ ለማላውቀው ሰው ዘረገፍኩት።

ጋሼ ከድር የትራፊክ መብራቱ ላይ አቁመው ዞሩ። «እሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ብባረርስ፣ ጋሼ ከድር?»

«ብትባረሪ ሌላ ሺፍት ታገኛለሽ። እሳቸው ሌላ ወረቀት ከየት ያመጣሉ? ከመድረሳችን በፊት ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት።»

እትዬ ሮዛ ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ምን እያላችሁ ነው? ድምፅሽ ተለውጧል።»

«ስለ መንገዱ ነው፤ ተዘግቷል ይላሉ» አልኩ። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሼ ከድር በመስተዋቱ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያወርዱን ሻንጣዋን እያቀበሉኝ «አሁንም ጊዜ አለሽ» አሉኝ።

በሩ ላይ

ቤተ መዛግብቱን ካላወቁት አይለዩትም። ትልቅ ስም የለበትም። ከፍ ያለ አጥር፣ ካሜራ፣ የብረት በርና ጥበቃ አለው። የጥበቃው ሬዲዮ ኪርር ሲል የእትዬ ሮዛ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

«ዩኒፎርም ለብሷል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ። ልጅ እግር ነው፤ ፈገግ እያለ ነው።»

«የሚጠብቀው እኛን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉኝ። «አውቄም እፈራለሁ።»

እንግዲህ ሁለት ፈሪዎች ሆነን በብረት በሩ ገባን። ጥበቃው ቦርሳዬን ከፍቶ ፖስታውን አውጥቶ ውስጡን አየ። ላስቲኩ በመብራቱ ብልጭ አለ። አየኝና መልሶ ከተተው። እኔ ግን የተያዝኩ መሰለኝ።

የወረቀት ሐኪሟ ክፍል

የተቀበለችን ሴት ክሌር ትባላለች። የተጎዳ ወረቀት የምታክም ባለሙያ ናት። እኔ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ፣ ከጓንት ይሻላል አለችን። የእትዬ ሮዛን ጣቶች አንድ በአንድ በፎጣ አደረቅሁላቸው። ፎቶግራፎቹን ተቀበለች፣ ትኬቱን ተቀበለች፣ ኩባያውን አገላብጣ አየችው። ቀጥላ «የእናትዎስ ወረቀት?» አለች።

«ቆይ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «እትዬ ሮዛ፣ አበላሽቼዋለሁ። ላጠነክረው ብዬ ላስቲክ ውስጥ አሸግሁት። በሙቀት አጣበቅሁት። አይደረግም ነበር። ትናንት ነው ያወቅሁት፤ ጠዋት የዋሸሁዎት ለዚህ ነው።»

ከዚያ ጉልበታቸውን ልስም ወደቅሁ። እኛ አገር ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ክሌር ራሴን ስቼ የወደቅሁ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። እትዬ ሮዛ ግን በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው አገኙት።

«ተነሺ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። ቀጥለው «አምጪው» አሉ።

ሰጠኋቸው። እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጣታቸውን አሳረፉበት። ጣታቸው ሸርተት አለ። እንደገና ሞከሩ፣ አሁንም ሸርተት። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በፍጥነት ይሄዳሉ፤ ትንፋሻቸው ያጥራል።

«የት ናት?» አሉ። «የት ሄደች? ምንም የለም እኮ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወረቀቱን ይደባብሱታል ብዬ የማየው ሁሉ ማንበብ ነበር ለካ። እናታቸው እርሳሱን ተጭነው ነው የጻፉት። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ስርጉዱን በጣታቸው እየተከተሉ ነው ያነበቡት። እኔ በዚያ ሁሉ ላይ ላስቲክ አለበስኩበት። ወይ ጉዴ! ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ክሌር ተመልሳ በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስንቴ ነው በማሽኑ ያሳለፍሽው?»

አንዴ ብል ኃጢአቴ እንደሚቀል ከአጠያየቋ ታወቀኝ። አራት ኪሎ መብራቱ ስለሚደክም አንዴ ያለፈ በደንብ አይያዝም፤ ሁለቴ ማሳለፍ ልማዴ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ «አንዴ» የምትለው ቃል ደርሳ ነበር።

«ሁለቴ» አልኩ።

ክሌር ፊቷ ከበደ። ጽሑፉ ሲረጥብ ሐምራዊ በሚሆን የድሮ እርሳስ የተጻፈ ነው አለችን፤ ስለዚህ ሙጫውን በፈሳሽ ማሟሟት አይቻልም፣ ቀለሙ ይሄዳል። በሙቀት ማላቀቅም ጽሑፉን ይዞት ሊነሣ ይችላል። አገሬ ፎቶ ኮፒ ቤት እንከፍተው እንደነበር ስነግራት «እናንተ አገር እንዴት ነበር የምትከፍቱት?» አለችኝ። ነገርኳት። አሙቀሽ ላስቲኩን ከወረቀቱ ታነሻለሽ፣ ወረቀቱን ከላስቲኩ አትጎትችም፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ዝቅ አድርገሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ። ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። የተጻፈበትን ፊት እንደማትነካው ነገረችን። ጀርባው ግን ባዶ ነው፤ እርሳሱ የተጫነበት ቦታ በጀርባው በኩል ጎበጥ ብሎ ይወጣል። የጀርባውን ላስቲክ ብቻ ማንሣት ይቻል ይሆናል። ግን ማሽኑ ጨፍልቆት ከሆነ የሚዳሰስ ነገር አይኖርም፤ ደግሞም ሊቀደድ ይችላል። ለሳምንታት ማጥናት ይሻላል አለች።

«ገና አልፈረምኩልሽም» አሉ እትዬ ሮዛ። «ወረቀቱ እስካሁን የኔ ነው። በዚህ ዕድሜ ሳምንታት የሚባል ነገር አልቆጥርም። ክፈቺው።»

ክሌር ወጥታ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። በትንሽ የሞቀ ቢላዋ፣ መጀመሪያ ምንም ባልተጻፈበት ጥግ ላይ ሞከረች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ከላስቲኩ ጋር የወረቀት ብናኝ እንደ ጥጥ ሲነሣ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ጥቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ክሌር ቆመች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ዝቅ አድርጊው» አልኳት ሳላስበው። ዝቅ አደረገችው። እትዬ ሮዛ በዚህ ሁሉ መሐል ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ጀርባው ተከፈተ። አንድ ጠርዝ ተቀድዷል፤ ገጹ እንደ ፍላኔል ጨርቅ ጠጉራም ሆኗል። ክሌር የእትዬ ሮዛን ጣት ይዛ አሳረፈችላቸው።

ከላይ ጀመሩ። የለም። ሁለተኛው መስመር ላይም የለም። መሐሉም ላይ የለም። ጣታቸው ይሄዳል፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ማሽኔ ድፍን አድርጎ ጨፍልቆታል። ወደ ታችኛው ጥግ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፣ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በፖላንድኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናገሩ፤ ለእኔም ለክሌርም አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

ቀና ሲሉ እስክሪብቶ ጠየቁ። ክሌር እጃቸውን ይዛ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ አሳረፈችላቸው።

መልስ

ስንወጣ ደውዬላቸው ጋሼ ከድር መጡ። ፊቴን አይተው ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ግማሽ መንገድ እንደሄድን እትዬ ሮዛ ራሳቸው ጀመሩ።

«ወረቀቱ ስለ እኔ ነው የሚያወራው» አሉኝ። «የወተት ስልባቦት እንደማልበላ፣ ውሻ እንደምፈራ፣ ማታ ላይ ጆሮዬን እንደሚያመኝ። ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ዛሬ ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። እናቴ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሶ ነበር።»

«ምን ይላል?»

«‹ስታለቅስ አትምቻት›።»

እኔ ልጅ ለሰው ትቶ መሄድ ሲባል የማውቀው ሊያን ትንሽ ሳለች ዴይኬር፣ ሕፃናት ማቆያው በር ላይ ማድረስን ነው። ያቺ እናት እርሳሱን ስትጫን ምን ያህል ፈርታ እንደነበር አሰብኩና እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ሲሉ ነበር» አልኳቸው።

«መልሴን ነው» አሉ። «እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እነግራታለሁ። ‹አልመታችኝም፣ እማ›።»

እቤታቸው አስገብቼ ሻርፓቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩላቸው። ምሳ አቀረብኩ፤ በሉ። ከበሉ በኋላ እጃቸው ልማዱን ፈልጎ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ሄደ። አየሁት። ይቅርታ ብዬ ልደግም ስል «ሰኞ ትመጫለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኩ፣ አለቆቼ ካልከለከሉኝ።

ማታ አንድ ሰዓት፣ ሜልተን

ግርማ በር ላይ ጠበቀኝ። «ተረፈ?» አለኝ። «አንድ መስመር» አልኩት። ሌላውን እራት ላይ ነገርኩት።

ሊያ ከተኛች በኋላ ሳይሆን እዚያው እሷ እየተንጫጫች፣ በስልኬ የመሥሪያ ቤቴን የኢንሲደንት ሪፖርት፣ ጉዳት ሲደርስ የሚሞላውን ቅጽ ከፈትኩ። የደረሰው ጉዳት ምንድን ነው ይላል። ጻፍኩ። የማን ጥፋት ነው ይላል። የኔ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቴ በማሽን ማሳለፌንም ጻፍኩ። ይህን ካነበቡ በኋላ ሰኞ ሺፍት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ይህ እንዳይደርስ ምን ማድረግ ይቻል ነበር ይላል። የአንድ ቀን መንገዴ ያስተማረኝ እሱን ስለሆነ ሳላስብ ጻፍኩት፦ «ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት በምንዎት ነው የሚያነቡት ብዬ እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ።» ላክሁት።